የሮቦት ክንድና የቡለን መንገድ

ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል። አሶሳና ካማሺ ከወንዙ በስተ ደቡብ፣ መተከል በስተ ሰሜን ናቸው። ቡለን ከመተከል ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው አብረው የሚኖሩበት። በክልሉ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት የአካል ተሃድሶ ማእከል ያለው አሶሳ ነው፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው ኖሯል። ካርታ ለሚያይ ሰው የቡለኑ አካል ጉዳተኛ መሄጃ እዚያ ነው። ወንዙን ለሚያውቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቡለን ላይ ክፉኛ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚወሰደው ፓዊ ነው፤ ሲብስ ደግሞ በቻግኒ አድርጎ ባሕር ዳር።

የፓዊው ሆስፒታል ራሱ ታሪክ አለው። ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ ከሰሜንና ከደቡብ ተጭነው በለስ ሸለቆ ለሰፈሩ ሰዎች የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ መድቦ፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ከሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት የቀረ ነው። ያው ኩባንያ ከዓመታት በኋላ እዚያው ዞን ተመልሶ ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ ገንብቷል። መተከል ከትልልቅ ማሽኖች ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ይህ ቅኝት ስለ ሌላ ዓይነት ማሽን ነው፤ እጁንም እግሩንም ማዘዝ ላልቻለ ሰው ማንኪያ ስለሚያነሣ፣ በር ስለሚከፍት፣ ፊት ስለሚያክ ክንድ። ከየት እንደ ተነሣ፣ በማን ገንዘብ እንዳደገ፣ ወደ እኛ ሲመጣ የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚቆም ለማየት ነው። የእኔ እምነት አስቀድሞ ይታወቅ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ የረቀቀ ማሽን ጎድሎ አያውቅም፤ የጎደለው ከፋይና ጠጋኝ ነው።

በአገራችን አካል የጎደለው ሰው ከሥዕል ጠፍቶ አያውቅም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ የተቆረጠው እግራቸው አጠገባቸው ወድቆ፣ ክንፍ ተሰጥቷቸው ይታያሉ። ለምእመኑ ያ እግር የጽናት ምልክት ነው። በደጁ ለተቀመጠው የኔ ብጤ ግን ክንፍ አልተሰጠውም፤ የተሰጠው ምጽዋት ነው። አካልን ማጉደል ቅጣትም ነበር። በ1888 ዓ.ም ከዐድዋ በኋላ ለጣሊያን ወግነው የተማረኩ ወደ 800 የሚጠጉ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። የድሉን ቀን በየዓመቱ ስናከብር ስለነዚህ ሰዎች ቀሪ ሕይወት ብዙም አናነሣም፤ በአንድ እጅ ምርኩዝ ይዞ፣ በአንድ እግር ቆሞ፣ እንጀራ እንዴት እንደ ቆረሱ ማሰብ ለበዓል አይመችምና።

ማሽን ሳይኖር ሰውን ያንቀሳቀሰው ቃሬዛ ነው። በብዙ ገጠር እስከ ዛሬ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ ልክ እንደ ቀብር እድር ተራ የወጣለት፣ ያልተሸከመ የሚቀጣበት። ሁለት ረጅም እንጨት፣ በመካከሉ የተዘረጋ ጠፍር ወይም ጆንያ፣ አራት ጎልማሳ፣ ከኋላ ተለዋጭ አራት። ቃሬዛ የሚወጣው ግን ለምጥና ለድንገተኛ ሕመም ነው። አከርካሪው ተጎድቶ ሃያ ዓመት የሚተኛን ሰው ማንም ማኅበር ሃያ ዓመት አይሸከመውም። ያ ሸክም የእናት፣ የእኅት፣ የሚስት ነው።

እዚህ ላይ ቀርከሃን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ሰፊው የቀርከሃ ሀብት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከቆላው ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ ያለውም በዚህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ቤት ይሠራበታል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ ጎተራ ይጎነጎንበታል። ወጌሻም ይጠቀምበታል። ወጌሻው ስብራቱን ያቀናል፤ የቀርከሃ ፍልጥ ዙሪያውን ይደረድራል፤ በጨርቅ ወይም በገመድ ጥርቅም አድርጎ ያስራል። ስብራት ያብጣል። እብጠቱ ወደ ውጭ መስፋት ሲያቅተው ወደ ውስጥ የደም ሥሩን ይጫናል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ሲጠፋ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። እግሩ የሞተው ያኔ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ለሐኪሙ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑ ለቀዶ ሐኪሞች አዲስ አይደለም። ዶክተር መኮንን እሸቴ ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል ሳሉ ያደረጉትን እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ወጌሾቹን ከማሳደድ ይልቅ ሰበሰቧቸው፤ አንድ ቀን አስተማሯቸው። አላልቶ ማሰር፣ ጣቶችን ማየት፣ ሲቀዘቅዙ መፍታት። ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው ሰው ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። ስለ ሮቦት እየጻፍኩ ይህን የማነሣው አለምክንያት አይደለም። ከማንኛውም ሰው ሠራሽ እግር የሚሻለው ያልተቆረጠ እግር ነው፤ ለዚያ የጠየቀው ደግሞ የአንድ ቀን ትምህርት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ 1950ዎቹ አጋማሽ እንምጣ፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ያኔ አንድ ቫይረስ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሥራ አስጀመረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ራንቾ ሎስ አሚጎስ የሚባል ሆስፒታል አለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የድኾች እርሻ ሆኖ የተጀመረ፣ በኋላ የፖሊዮ ሕሙማን ማእከል የሆነ። ፖሊዮ ክንዳቸውን የቀማቸው ሰዎች አእምሯቸውም ስሜታቸውም ደኅና ነው፤ የሌላቸው ጡንቻ ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ ሞተር የተገጠመለት፣ ስድስትና ሰባት መገጣጠሚያ ያለው የብረት ክንድ ሠሩላቸው። የሚታዘዘው በምላስ ነበር፤ አፍ ፊት የተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችን በምላስ እየነኩ ትከሻን ለብቻ፣ ክርንን ለብቻ፣ የእጅ አንጓን ለብቻ ማንቀሳቀስ። አንድ ብርጭቆ ለማንሣት የሚያስፈልገውን ትዕግሥት አንባቢ ራሱ ያስላ። ከነዚህ ክንዶች አንዱ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የኮምፒውተር ሰዎች መማሪያ ሆነ። የፋብሪካ ሮቦት ታሪክ የሚያነብ ሰው የአካል ጉዳተኛው ክንድ ከቀደምቶቹ አንዱ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያገኝም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ቸሻየር የተባለው ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። መሥራቹ ሊዮናርድ ቸሻየር የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን የነበረ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ቤት ማቋቋም የጀመረ ሰው ነው። መናገሻ ላይ የፖሊዮ ልጆች ተሰበሰቡ። ሞተር አልነበረም። የብረት ድጋፍ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ የእግር ጫማ፣ ክራንች። ልጁ ሲያድግ ድጋፉ ያጥረዋል፤ ይመለሳል፤ ብረቱ ይረዝምለታል። ራንቾና መናገሻ ከአንድ በሽታ ተነሥተው በሁለት መንገድ ሄዱ። የመናገሻውን መንገድ እንደ ኋላ ቀር የሚያይ አለ፤ እኔ አላየውም። ያ ብረት መናገሻ ላይ ሊሰበርም ሊበየድም ይችል ነበር።

በ1958 ዓ.ም ደግሞ አለርት ተቋቋመ፤ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ ከቀድሞው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ጎን። በሥጋ ደዌ ነርቫቸው የደነዘዘና ጣታቸው የታጠፈ ሰዎችን ጅማት ከአንዱ ጡንቻ ወደ ሌላው በማዛወር እጅን መልሶ ማሠራት ይቻላል የሚለውን ሕንድ ውስጥ ያሳየው ፖል ብራንድ ከአለርት ጀማሪዎች ጋር ስሙ ይነሣል። አሳቡ ቀላልና ደፋር ነው፦ የቀረውን ጡንቻ አዲስ ሥራ ማስተማር። ዛሬ በረቂቅ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት ሁሉ ከዚህ አሳብ ብዙ አልራቁም።

አከርካሪ የተጎዳ ሰውን ነገር ሳነሣ ከሮቦት በፊት የመጣውን ማለፍ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ከናዚ የሸሸ ሐኪም እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ገባ። እስከዚያ ድረስ ወገቡ የተቆረጠ ወታደር በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞት ነበር። ጉትማን ያዘዘው መድኃኒት ሕሙሙን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ማገላበጥ ነው። ሰው ዳነ። በዳኑት መካከል ያስጀመረው የቀስት ውድድር ኋላ ፓራሊምፒክ ሆነ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1968 ቴል አቪቭ ላይ ተሳትፋለች። በዚያው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሬጅ ሜሊንግ ፖሰም የሚባለውን መሣሪያ ሠራ፤ እጅና እግሩ የማይሠራ ሰው በቱቦ እየነፋና እየሳበ መብራት የሚያበራበት፣ ደወል የሚደውልበት፣ በታይፕ የሚጽፍበት። ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ክፍሉን ማዘዝ የጀመረው በዚህ ነው።

ቡለን ውስጥ ከዛፍ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳን ጎልማሳ እናስብ። የማር ቀፎ ዛፍ ላይ በሚሰቀልበት፣ ማንጎ በሚለቀምበት አገር ይህ ያጋጥማል፤ ከከፍታ መውደቅና የመኪና አደጋ በአገራችን የአከርካሪ ጉዳት ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው። ይህ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው ሰው፣ የሚተኛበት ስፖንጅ፣ ንጹሕ የሽንት ቱቦ ነው። ያንን ዓመት ያላለፈ ሰው ሮቦት ቢመጣለትም አይደርስበትም።

የመንግሥትን ድርሻ በአጭሩ ልለፈው፤ ሕጉ ብዙ፣ ወርክሾፑ ጥቂት ነውና። በ1963 ዓ.ም በትእዛዝ ቁጥር 70 አካለ ስንኩላንን የሚያቋቁም ድርጅት ተመሠረተ፤ በጊዜው አካል ጉዳተኛ ይባል የነበረው ሠርቶ መብላት ያልቻለና ጧሪ የሌለው ሁሉ ነበር። ደርግ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፤ ለቆሰሉ ወታደሮች ጀግኖች አምባ ተቋቋመ። በሰሜንም ደርግን ይወጉ ከነበሩት ታጋዮች የተጎዱት ኋላ መቀሌ ላይ የራሳቸውን ማእከል አቆሙ። ከዚያ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የመንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እርዳታ ይደረጋል አለ። አዋጅ 568/2000 ሥራ እንዳይከለከሉ፣ አዋጅ 624/2001 ሕንፃ እንዲመቻቸው፣ አዋጅ 676/2002 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የአገር ሕግ እንዲሆን ደነገጉ። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ከሁሉም በላይ ሲሠራ ኖሯል። የ1999ኙ ቆጠራ በአገሪቱ 864,218 አካል ጉዳተኞች አሉ ብሎ መዝግቧል፤ ከሕዝቡ በመቶ አንድ ያህል መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም የሚሰጠው ግምት ከመቶ 16 ነው። ልዩነቱ የጤንነታችን ምስክር አይመስለኝም። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ሥራውን በእጁ ይዞ የቆየው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የአካል ተሃድሶ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ዛሬ በአሶሳም፣ በባሕር ዳርም፣ በሌሎችም ማእከሎች የሚሠራው እግር ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ የቤታችን የፕላስቲክ ወንበር ከሚሠራበት ዘር። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ባለሙያው ጉቶውን በእርጥብ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልላል፤ በጣቱ አጥንቱ የት እንደሚሸከም፣ የት እንደሚያመው እየዳሰሰ ቅርጹን ይይዛል። ጀሶው ሲደርቅ ይወጣል፤ ውስጡ በጀሶ ይሞላና የጉቶው ምስል ይሆናል። ምስሉ እንደገና በሞረድ ይስተካከላል፤ ሸክም ከሚችለው ቦታ ይነሣለታል፣ ከሚያመው ቦታ ይጨመርለታል። ከዚያ የፕላስቲኩ ጣውላ ወደ 180 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ ይገባል፤ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ በሁለት ሰው ተይዞ ምስሉ ላይ ይለበጣል፤ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል፤ ፕላስቲኩ ጭብጥ ብሎ ይይዛል። ቱቦውና የጎማው እግር ይገጠማል፤ ባለቤቱ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ቆሞ ይሞክራል፤ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ይላል፤ እንደገና ይሞቃል። ኮሚቴው በዚህ ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2004 የባለሙያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር የሚሰጠውን የብሪያን ብላችፎርድ ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ የተሰጠው ለርካሽ ነገር መሆኑን እወድለታለሁ። ግን እግር ዘላለም አይቆይም። ለአዋቂ ጥቂት ዓመት፣ ለሚያድግ ልጅ ከዓመት ብዙ አያልፍም። ቡለን ለሚኖር ልጅ ይህ ማለት በየዓመቱ እስከ ባሕር ዳር ያንን መንገድ መጓዝ ነው።

ከፕላስቲክ እግር ወዲያ ያለው ዓለም በሌላ ፍጥነት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ ኪል ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቶፒንግ ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት የ11 ዓመት ልጅ ሃንዲ 1 የተባለ የሚያጎርስ ክንድ ሠራ። ልጁ ቁልፍ ይጫናል፤ ክንዱ ከሳህኑ ይቀዳል፤ ወደ አፉ ያመጣል። ለኛ ይህ እንግዳ ስሜት አለው። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ በማሽን መጉረስ ደግሞ ብቸኝነት ይመስላል። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን፣ ሌላ ሰው በወደደው ፍጥነት የሚጎርስ ሰው የሚያየው ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የሚፈልገው ሲጠግብ ማቆም፣ ሲያሻው መድገም ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማኑስ የሚባል፣ ዊልቸር ላይ የሚገጠም ክንድ ተሠራ። የካናዳው ጃኮ ታሪክ ግን ይበልጣል። ቻርልስ ደጊር ሦስት አጎቶች ነበሩት፤ ሦስቱም ጡንቻ የሚያሟሽሽ በሽታ የያዛቸው። ከነሱ አንዱ ዣክ ፎሬስት፣ በቤተሰቡ አጠራር ጃኮ፣ ከጠረጴዛ መብራት ክንድና ከቋሊማ መቆንጠጫ ለራሱ የሚያነሣና የሚይዝ እጅ ሠርቶ ነበር። የእህቱ ልጅ መሐንዲስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ኪኖቫ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም ክንዱን በአጎቱ ስም ጠራው። ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያው ጃኮ ግን የተሠራው ከወጥ ቤትና ከጠረጴዛ ዕቃ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣለት ኩሽኔታ ነው። ከጣውላ የተሠራች ሰሌዳ፣ ከሥሯ አራት የተጣለ የመኪና ኩሽኔታ፣ ላይዋ የጎማ ቁራጭ፤ ሰውየው ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጥባታል፣ እጁ ላይ ሸበጥ አስሮ አስፋልቱን ይገፋል። የሠራት መሐንዲስ ስሙ አይታወቅም። ዣክ ፎሬስት አሳቡን ወደ ኩባንያ የሚለውጥ የእህት ልጅ ነበረው፤ የኩሽኔታው ሰው ያላገኘው ይህንን ነው።

የዚህ ዘርፍ ትልቁ ቀን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2011 ነው እላለሁ። ካቲ ሃቺንሰን የተባለችን ሴት ስትሮክ መታት፤ 15 ዓመት ገደማ እጅና እግሯም አንደበቷም ታስሮ ቆየ። ብሬንጌት በሚባለው ሙከራ አስፕሪን ክኒን የምታህል፣ 96 ቀጫጭን መርፌ ያላት ቁራጭ አእምሮዋ ላይ ተተከለች። ክንዴን ላንቀሳቅስ ብላ ስታስብ የሚነሣው የነርቭ ምልክት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ወደ ሮቦት ክንድ ሄደ። ቡና የያዘውን ጠርሙስ ወደ አፏ አመጣች፤ በመምጠጫው ጠጣች፤ መልሳ አስቀመጠች። ከስድስት ሙከራ አራቱ ተሳካ። ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመት ኔቸር ላይ ወጣ። ሴትዮዋ 15 ዓመት ቆይታ በገዛ ፈቃዷ የጠጣችው ቡና መሆኑ ለአገራችን አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ከጀርባው ግን የቀዶ ሐኪሞች፣ የሒሳብ ሰዎችና የመሐንዲሶች ቡድን፣ ከግድግዳው የማይነቀል ገመድና በመንግሥት ገንዘብ የተደገፈ የዓመታት ምርምር ነበር።

ኢትዮጵያም ከሮቦት ስም ጋር ተዋውቃለች። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ የተባለው ኩባንያ ሶፊያ የተባለችውን ሰው መሳይ ሮቦት በመሥራት ተሳትፏል። በ2010 ዓ.ም ክረምት ሶፊያ ስትመጣ ከአካሏ ክፍሎች የተወሰኑት ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍተው ነበር፤ ቢሆንም በአማርኛ ሰላምታ ሰጠች፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም አገኘች። ጋዜጦቹ ተደሰቱ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ያቺ ሮቦት ለማንም በር አልከፈተችም።

ለኔ የበለጠ የሚያጓጓው ያን ያህል ያልተወራለት ሥራ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ዮናስ ታደሰ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ሰው መሳይ ሮቦትና ሰው ሠራሽ ጡንቻ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ይመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሬይ ባውማን ቡድን አንድ ነገር አሳተመ፦ ተራ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወይም የስፌት ክር እስኪጠቀለል ድረስ ቢጠመዘዝ፣ ሲሞቅ የሚኮማተር፣ ሲበርድ የሚዘረጋ ጡንቻ ይሆናል፤ ርዝመቱና ክብደቱ እኩል ከሆነ የሰው ጡንቻ 100 እጥፍ ያነሣል። የዮናስ ቡድን ይህንን ጡንቻ ተጠቅሞ ጣቶቹ መጨበጥ ያቃታቸውን እጅ የሚያግዝ፣ በስሪ ዲ ማተሚያ የታተመ ቀላል ጓንት መሰል ድጋፍ ሠራ፤ አይግራብ አሉት። ሞተር የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ ዋናው ጥሬ ዕቃ ክር ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ ሙቀት ነው። ክሩ ለመዘርጋት መብረድ አለበት፤ መብረድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሚበላው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው እጅግ ጥቂቱ ነው። ባትሪ ይጨርሳል። በቆላ ሙቀት ደግሞ መብረዱ ይብሱን ይዘገያል። ገና የላቦራቶሪ ነገር ነው፤ ያም ሆኖ የአሶሳ ወይም የባሕር ዳር ወርክሾፕ አንድ ቀን በራሱ ሊገምደው የሚችለው የሮቦት አካል ቢኖር ይህ ነው።

ወደ መተከል ስንመለስ ያለፉትን ዓመታት መዝለል አይቻልም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ንጋት ላይ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በዞኑ በነበረው ግጭት አስር ሺዎች ወደ ቻግኒ ተሰደው ራንች በሚባለው መጠለያ ከረሙ። ጥይትና ስለት የተረፈውን ሰው አካል ጉዳተኛ ያደርጋል። ከዚያም በፊት አካል ጉዳተኛ የነበረው ሰው ለመሸሽ የሌላ ሰው ጀርባ ያስፈልገዋል። ስለ ተደራሽነት በሚጻፉ ሪፖርቶች መወጣጫና ሊፍት ይነሣሉ፤ መሸሽ አይነሣም።

መብራትም አለ፣ የለምም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ማመንጨት የሚችል፣ ከቡለን ጋር በአንድ ዞን ያለ ነው። ሆኖም በመተከል ገጠር ብዙ ቀበሌዎች ምሽቱን በሶላር መብራት ነው የሚያሳልፉት። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይፈልጋል፤ ባትሪው ሲደመር ክብደቱ ብዙ ጊዜ መቶ ኪሎ ያልፋል፤ ክረምት ላይ የቡለን ጭቃ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው ያው የቃሬዛው ማኅበር ነው።

ሮቦትን በድምፅ ማዘዝ ለሚለው ተስፋም የራሱ ድንበር አለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ የሚጻፉ ቋንቋዎች ውስጥ ጨምሯል። ጣቱ የማይታዘዝለት ሰው ዛሬ በሁለተኛ እጅ ስልክ በአማርኛ መልእክት መላክ ይችላል፤ ለኔ በአሁኑ ሰዓት ለቡለን የሚቀርበው «ሮቦት» ይኸው ነው። አፉን የፈታው በሺናሸኛ ወይም በጉሙዝኛ የሆነ ሰው ግን በሁለተኛ ቋንቋው ማዘዝ አለበት፤ አነጋገሩ በጉዳቱ የተኮላተፈ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ በየትኛውም አይሰማውም። ጃፓን ቶኪዮ ውስጥ ከአልጋ የማይነሡ ሰዎች ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ሮቦት እየነዱ የሚያስተናግዱበት ካፌ እ.ኤ.አ. በ2021 በቋሚነት ተከፍቷል፤ ደመወዝ ያገኛሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ከማይቋረጥ ኔትወርክ በቀር ከባድ ነገር አይጠይቅም፤ መተከል ላይ ግን ከባዱ እሱ ነው።

ባለሙያ በማፍራት በኩል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሄዷል። ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶን ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። ይህ ባለሙያ የሚመጣው ማሽን ይዞ አይደለም። ቤትህ ገብቶ መደቡ ስንት ስንዝር ከፍ ቢል ወደ ወንበር እንደምትሻገር፣ ማንኪያው እጀታው ቢወፍር እንደምትይዘው ያያል። አዲስ አበባ ያለው አዲስ ጉዞ የተባለ ድርጅትም ከስዊዘርላንድ የሚመጡ ያገለገሉ ዊልቸሮችን እየጠገነ፣ ለሰው ልክ እያስተካከለ ያድላል። ያገለገለ ዊልቸርን እንደ ውለታ ብቻ የሚያይ ካለ እንዲህ ባለ ወርክሾፕ የሚሠሩትን ይጠይቅ፦ ልኩ ያልሆነ ወንበር የአልጋ ቁስል ያመጣል።

ስለ ጥገና ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሲበላሽ ባለቤቱ ለአንድ ቀላል ዕቃ ሳምንታትና ወራት ይጠብቅ ነበር፤ ኩባንያዎቹ መለዋወጫውንም፣ መመሪያውንም፣ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ኮድም ለራሳቸው ይዘውት ስለነበረ። ተጠቃሚዎቹ ተሟገቱ። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 አምራቾቹ እነዚህን ለባለቤቱና ለማንኛውም ጠጋኝ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው። በገጠር ከተማ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያውቃል፤ ሞተር ጠቅልሎ ያውቃል፤ የሶላር መቆጣጠሪያ ፈቶ ገጥሟል። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ሞተርና አንድ መቆጣጠሪያ ነው። ልጁ ቀፎውን ከፍቶ ሁሉንም ያገኘዋል፤ መቆጣጠሪያው ጋ ሲደርስ ግን የይለፍ ቃል ይጠየቃል። በመንግሥት ግዢ ወይም በርዳታ የሚገባ ዊልቸርና ክንድ ሁሉ ኮዱ ክፍት ሆኖ፣ ከመለዋወጫውና ከአማርኛ መመሪያው ጋር እንዲመጣ በጨረታ ሰነዱ አንድ መስመር መጻፍ ግን ሮቦት እንደ መሥራት አይከብድም።